ኮሩ በመጀመሪያው ስህተት ተበላሽቶ ሲቀር፦ የሲፒዩ ሆትፕለግ ሮልባክ ችግርና መፍትሄ

ሲፒዩ ሆትፕለግ ማለት ኮምፒውተሩ እየሠራ እያለ አንድን የሲፒዩ ኮር ማጥፋትና ማብራት ነው፤ ሮልባክ ደግሞ ማብራቱ መሃል ላይ ሲከሽፍ የተሠራውን መልሶ ማፍረስ። የችግሩ ምልክት እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲፒዩ 3ን አጠፋችሁ፤ ማለትም ኦንላይን የሚባለው ፋይሉ ላይ 0 ጻፋችሁ። መልሳችሁ 1 ስትጽፉ ሜሞሪ ማግኘት አልቻልኩም ይላል። እሺ፣ ያጋጥማል። ሜሞሪ አስለቅቃችሁ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። አሁን ግን ስህተቱ ሌላ ነው፤ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ላይ በዚህ ስም ፋይል አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ከነረጅም ስታክ ትሬሱ (እዚያ ያደረሱት የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) ይዘረገፋል። ከዚያ በኋላ ሪስታርት ካላደረጋችሁ ያ ኮር ወይ ፍንክች።

ግራ የሚያጋባው፣ በዚያው ሲፒዩ ሆትፕለግ ፎልደር ውስጥ ያለውን ስቴት የሚባል ፋይል ብታነቡት 0 ነው የሚለው። ሙሉ በሙሉ ወርዷል፣ ምንም አልቀረም ማለቱ ነው። ቀርቷል እንጂ።

ከ2016 ወዲህ፣ ከከርነል 4.6 ጀምሮ፣ ኮር የሚበራው በስቴት ማሽን ነው። ተራ በተራ እየወጣ የሚሄድባቸው እርከኖች አሉ፤ አንድ እርከን ሲወጣ የሚጠራ ስታርትአፕ፣ ሲወርድ የሚጠራ ቲርዳውን ሊኖረው ይችላል። መሃል ላይ አንዱ ስታርትአፕ ስህተት ከመለሰ፣ ከርነሉ ከእሱ በታች ያሉትን ቲርዳውኖች በተገላቢጦሽ እየጠራ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ «ከእሱ በታች» ነው ያልኩት። የከሸፈው እርከን የራሱ ቲርዳውን አይጠራም።

ድራይቨራችሁ ከእነዚህ እርከኖች አንዱ አለው እንበል። ስታርትአፑ ውስጥ መጀመሪያ ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መረጃውን በፋይል መልክ የሚያሳይበት ቦታ) ላይ ፋይል ይፈጥራል፣ ቀጥሎ በፈር (ለሥራው የሚሆን የሜሞሪ ቦታ) ይይዛል። በፈሩ ሲከሽፍ ስህተቱን መልሶ ዝም ካለ ፋይሉ እዚያው ተረስቶ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሙከራ ያንኑ ስም ሊፈጥር ሲል ይጋጫል። ኮዱን የጻፈው ሰው ቲርዳውን ያጸዳልኛል ብሎ ነበር። (እኔም ብዬ ነበር። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልታብኛለች።)

መፍትሄው እዚያው ስታርትአፕ ውስጥ ነው። በፈሩ ካልተገኘ ጎቱ በሚባለው የሲ ቋንቋ ትእዛዝ ወደ ታች ዘላችሁ ፋይሉን አጥፉ፣ ከዚያ ስህተቱን መልሱ። ከተቻለ ደግሞ በፈሩን አስቀድሙት፣ ያኔ የሚጠፋ ፋይል ራሱ አይኖርም። ቲርዳውኑን ከስታርትአፕ ውስጥ መጥራት አቋራጭ ይመስላል፤ ግን እሱ ሁሉም ነገር ተሳክቷል ብሎ ስለሚነሳ ያልተያዘ ነገር ሊለቅ ይችላል።

አሁን ፈትሹት። ከከርነል 4.14 ጀምሮ እዚያው ሆትፕለግ ፎልደር ውስጥ ፌይል የሚባል ፋይል አለ፤ የእርከኑን ቁጥር ስትጽፉበት እዚያ ሲደርስ ሆን ብሎ ይከሽፋል። ቁጥሮቹን ስቴትስ ከሚለው ዝርዝር ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ከርነሉ የእናንተን ስታርትአፕ ጭራሽ ሳይጠራ ነው «ከሽፏል» የሚለው። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር ብትጽፉ አሁን ያስተካከላችሁት ኮድ አይነካም፣ ሁሉም ደህና መስሎ ያልፋል። ቲርዳውናችሁን ለመፈተን ከእናንተ በላይ ካሉት እርከኖች የአንዱን ቁጥር ጻፉ። የስታርትአፑን የውስጥ ጽዳት ለመፈተን ደግሞ በፈሩ የሚያዝበት መስመር ላይ ለጊዜው ስህተት እንዲመልስ አድርጉት፣ ሁለት ጊዜ ሞክሩ፣ ሁለቱም ጊዜ ያው የሜሞሪ ስህተት ብቻ ከመጣ ተስተካክሏል።

ሌላ የዚህ ዘመድ የሆነ ችግር፦ ምንም ሳይከሽፍ ድራይቨሩ ሲጫን ራሱን መልሶ ያፈርሳል። ዳይናሚክ እርከን (ቁጥሩን ከርነሉ ራሱ የሚመርጥላችሁ) ስትጠይቁ ሲሳካ የሚመለሰው የተሰጣችሁ ቁጥር ነው፣ 0 አይደለም። «ዜሮ ካልሆነ ስህተት ነው» ብላችሁ ከሆነ «ከዜሮ ካነሰ» በሚለው ቀይሩት።