ተኩስ ጠብቃችሁ አትጀምሩት፦ የኦወን ዊስተርን «ዘ ቨርጂኒያን» ለማንበብ

ሁለት ሰዎች ባዶ መንገድ ላይ ይፋጠጣሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የከተማው ሰው በሩን ዘግቶ በቀዳዳ ያያል። ይህን ነገር በፊልም ስንቴ እንዳያችሁት እናንተው ታውቃላችሁ። ወደ ቁም ነገረኛ ልብ ወለድ አምጥቶ ያስለመደው ግን ኦወን ዊስተር የሚባል የፊላደልፊያ ሰው ነው። መጽሐፉ «ዘ ቨርጂኒያን» ይባላል፣ የወጣው በ1902 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ካውቦይ ከዚያ በፊትም በርካሽ የኪስ መጽሐፎች ውስጥ ነበር፤ ቁም ነገረኛው አንባቢ ግን ከመጤፍ አይቆጥራቸውም።

እኔ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ጥዬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሽጉጥ እየጠበቅኩ ነበር ያነበብኩት። መጽሐፉ 36 ምዕራፍ አለው፣ ያ የተጠበቀው ተኩስ ደግሞ የሚመጣው 35ኛው ላይ ነው! ስለዚህ በሦስተኛው ሙከራዬ እንዴት እንደጨረስኩት ልንገራችሁ።

መጽሐፉን ለማግኘት ገንዘብ አታውጡ። የቅጂ መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወርዳል። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፣ ምክንያቱም ዊስተር ንግግሩን ልክ እንደሰማው ነው የሚጽፈው፤ ዋናው ሰው፣ ቨርጂኒያዊው፣ «ሰር» ማለት ሲፈልግ «ሴ» ይላል፣ «ዩ»ንም ይቆርጣታል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ያኔ ይገባችኋል።

ቀጥሎ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጸሐፊውን ትንሽ እወቁት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፣ በኋላ 33ኛው ምዕራፍ ላይ ያስፈልጋችኋል። ዊስተር በ1860 የተወለደ የሐኪም ልጅ ነው። ሃርቫርድ ሙዚቃ ተማረ፣ አውሮፓ ሄዶ በታዋቂው ሙዚቀኛ በሊስት ፊት ፒያኖ ተጫውቶ ተመሰገነ። መጨረሻው ግን ቦስተን፣ ባንክ ውስጥ ቁጥር መደመር ሆነ። ጤናው ተቃወሰና በ1885 ሐኪሙ ወደ ምዕራብ ሂድ አለው፤ ዋዮሚንግ ገባ፣ ሜዲስን ቦው የምትባል ሚጢጢ የባቡር ጣቢያ ከተማ ውስጥ አልጋ ጠፍቶ የሱቅ ባንኮኒ ላይ ተኛ፣ ያየውን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ ጻፈ። በመሃል ሕግ ተምሮ ጠበቃም ሆኗል።

ቤተሰቡ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የእናቱ አባት በ1859 ሳቫና በምትባል ከተማ ውስጥ ከ400 በላይ ባሪያዎቹን በሁለት ቀን ጨረታ የሸጠ ሰው ነው። የእናቱ እናት፣ ተዋናይቷ ፋኒ ኬምብል፣ ባርነትን የሚያጋልጥ ማስታወሻ አሳትማለች። ባልና ሚስት ነበሩ እንግዲህ፣ ተፋቱ።

አሁን ጀምሩ። ተራኪው ከምሥራቅ በባቡር የመጣ፣ ምንም የማያውቅ እንግዳ ነው። ሻንጣው ጠፍቶበታል። እናንተም እንግዳ ናችሁና እሱን ተከተሉት፤ እሱ ያልገባው ለእናንተም ባይገባችሁ አትጨነቁ። ዋናው ሰው ስም የለውም፣ እስከ መጨረሻው «ቨርጂኒያዊው» ነው። ስሙን ስትፈልጉ እንዳትደክሙ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ወዳጁ ስቲቭ ነውረኛ ስድብ ይሰድበዋል፣ ቨርጂኒያዊው ምንም አይለውም። እኛም ለምንወደው ሰው «አንተ ሌባ» እንል የለ? ትንሽ ቆይቶ ትራምፓስ የሚባለው ሰው የካርታ ጨዋታ ላይ ያችኑ ስድብ ይደግማታል። ቨርጂኒያዊው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ያኖርና፣ እንዲህ ስትለኝ ፈገግ በል፣ ይለዋል። በቀስታ። አይጮህም፣ አይተኩስም። በኋላ የመጡት ዝምተኛ የፊልም ካውቦዮች ከዚህ ሰው ብዙ ወስደዋል። እዚህ ላይ ከገባችሁ፣ መጽሐፉ የጥይት ሳይሆን የንግግርና የዝምታ መጽሐፍ እንደሆነ ገባችሁ ማለት ነው።

መሃሉ ይንዛዛል፣ አልዋሽም። ሲሰለቻችሁ መጽሐፉን ከምትዘጉት ዝለሉ። ግን 6ኛውን አትዝለሉ፣ ቡችላ ሳይቀር ላሳድግ የምትል አንዲት ምስኪን ዶሮ አለች። 10ኛውንም እንደዚያው፦ ወላጆች ሲጨፍሩ ቨርጂኒያዊውና ጓደኛው የተኙትን ሕፃናት ልብስ ይቀያይራሉ፣ ሰው ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ ይዞ በሌሊት ወደ ቤቱ ይነዳል። ከ13 እስከ 16 ያሉትን ባንድ ቁጭታ ጨርሷቸው። ትራምፓስ በቨርጂኒያዊው ሥር ያሉትን ሠራተኞች ሊያስኮበልል ሲያሴር ቨርጂኒያዊው የእንቁራሪት እርባታ ወሬ ፈጥሮ ትራምፓስን በሰው ፊት መሳቂያ ያደርገዋል፤ በወሬ ብቻ። 26ኛው ላይ ባላም የሚባል ሰው ፈረስ ያሠቃያል፣ ለሆደ ቡቡ ሰው ይከብዳል። መጽሔት ላይ የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ይብስ ነበር። መጽሐፉ የተበረከተለት የዊስተር ወዳጅ ቴዎዶር ሩዝቬልት (ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው) ተቃውሞት ነው ያለዘበው። አንድ ነገር ደግሞ ታዝባላችሁ፦ የካውቦይ መጽሐፍ ሆኖ ከብት የሚያግድ ሰው እምብዛም አይታይበትም።

ከ30 እስከ 32 ያለው ሌላ ነው። ለኔ መጽሐፉ ይኸው ነው። ስቲቭ ከብት ሌባ ሆኗል፣ ተይዟል፣ ያለ ፍርድ ቤት ሊሰቀል ነው፣ ከሚሰቅሉት አንዱ ደግሞ ቨርጂኒያዊው ነው። ስቲቭ ሌሎቹን ሁሉ ይሰናበታል፣ እሱን ግን አንድ ቃል ሳያናግረው ይሞታል። ቨርጂኒያዊው ይህን እያብሰለሰለ በተራራው መንገድ ሲጋልብ ያንን ደረቅ ሰው እንባ ሲያሸንፈው ታያላችሁ። በኋላ ጋዜጣ ላይ የተጫረች የስቲቭ ማስታወሻ ትገኛለች፤ ባናግርህ ኖሮ እንደ ሕፃን እሆን ነበር፣ ትላለች። ይህን ክፍል አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ አታንብቡት።

33ኛውን ግን ከመጽሐፉ ጋር እየተጣላችሁ አንብቡት። ቨርጂኒያዊው የሚያፈቅራት አስተማሪ ሞሊ ትጠይቃለች፦ ደቡብ ውስጥ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ ከመግደል ይህ በምን ይለያል? የቨርጂኒያዊው አሠሪ ዳኛ ሄንሪ ይመልሱላታል። ያኛው በአደባባይ ማሠቃየትና ማቃጠል ነው፣ የኛው ጸጥ ያለ ነው፣ ደግሞም ፍርድ ቤቱ ሲሽመደመድ ሕዝቡ የሰጠውን ሥልጣን መልሶ መውሰዱ ነው ይላሉ። ሲናገሩ ያምርባቸዋል። ደራሲውም ከእሳቸው ጋር ነው።

እናንተ ግን ይህን ያዙ፦ ዊስተር በ1885 ያረፈበት ራንች (የከብት እርባታ) የሜጀር ፍራንክ ዎልኮት ነበር። በ1892 ትልልቆቹ የከብት ባለቤቶች ከቴክሳስ ታጣቂ ቀጥረው ዋዮሚንግ ውስጥ ወዳለችው ጆንሰን ካውንቲ የከብት ሌባ እንገድላለን ብለው ሲዘምቱ መሪያቸው ይኸው ዎልኮት ነው። ኔት ቻምፒየንና ኒክ ሬይ የሚባሉትን ገደሉ። በመጨረሻ የአካባቢው ሰው ከበባቸው፣ የፌዴራል ፈረሰኛ ጦር ደርሶ አስጣላቸው፣ አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ዊስተር ነገሩን ከባለ ከብቶቹ ጠረጴዛ ነው የሰማው። ሌባ የተባሉት ሰዎች ምን እንዳሉ መጽሐፉ አይነግራችሁም። በዘመኑ ከብት ይነዱ የነበሩ ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲካውያንም እዚህ እምብዛም አይታዩም።

35ኛው ላይ ትራምፓስ ቨርጂኒያዊውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከተማው ውጣ ይለዋል፣ ከሞሊ ጋር በሚጋባበት ሠርግ ዋዜማ። ተኩሱን አትጠብቁት፣ በጥቂት መስመር ያልቃል። ይልቅ ከዚያ በፊት ሞሊና ቨርጂኒያዊው ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩትን አንብቡ። ብትሄድ ነገ የሚባል ነገር የለንም ትለዋለች፣ እሱ ይሄዳል፣ ተኩሱ ሲያበቃ ደግሞ በሕይወት ስታየው የተናገረችውን ሁሉ ትረሳዋለች። ደራሲው ለወንዱ ፈርዶለታል፣ ለኔ ግን የሞሊ ክርክር ይበልጥብኛል።

36ኛው የጫጉላ ሽርሽር ነው። ደሴት፣ ወንዝ፣ ድንኳን። ብትዘሉት ምንም አይጎድልባችሁም።