«ኢትዮጵያ» የተባለችውን የጦር መርከብ በካርቶን መሥራት

ሞዴል የጦር መርከብ ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግዙፎቹን የጃፓንና የጀርመን መርከቦች ነው። ውበታቸው አያከራክርም፤ የመድፋቸው ብዛት ግን ጀማሪን ሥራውን ያስጥለዋል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ጣና ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ለሚሠራ «ኢትዮጵያ» ትሻላለች። በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ኦርካ» በሚል ስም ውኃ ላይ የወረደች፣ ለባሕር አውሮፕላኖች ደጀን እንድትሆን የተሠራች ናት። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተዛውራ ዋናዋ መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አሁን ሄዶ የሚለካት ስለሌለ ሥራው በፎቶና በሚታወቀው ልኳ ነው፦ ርዝመት 94.7 ሜትር፣ ወርድ 12.5 ሜትር፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው አካል 4.1 ሜትር።

ስኬሉን 1 ለ200 አድርጉት። የእውነቱን ሜትር በ5 ስታባዙ የሞዴሉ ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ ሒሳቡ አያደናግርም። ርዝመቱ 473.5፣ ወርዱ 62.5፣ ከውኃ በታች ያለው 20.5 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለቀሪው ልክ ከጎን ቀጥ ብሎ የተነሣ ፎቶ አትሙ። ወረቀቱ ላይ መርከቧ 210 ሚ.ሜ. ከሆነች 473.5ን ለ210 አካፍሉ፤ 2.25 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ከፍታ በ2.25 ማባዛት ነው። ከጥግ የተነሣ ፎቶ ቅርጽ ያሳያል እንጂ ልክ አይሰጥም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ውስጡ ሞገድ የሌለው 1 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የጫማ ካርቶን፣ የጥርስ ሳሙናና የመድኃኒት ፓኮ (ግማሽ ሚ.ሜ. ገደማ ነው)፣ የእንጨት ኮላ፣ ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ እስፒል፣ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም። የውኃ ካርቶን ለዚህ አይሆንም፤ ጠርዙ ስለሚጨፈለቅ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥም። ደንገልስ የሚል አይጠፋም። ደረቁ ቀላል ነው፤ ግን ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳ የሚሠሩትም በየጊዜው አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው። ተለብጦ ለተዘጋ ሞዴል ግን ማድረቂያ መንገድ የለም።

አካሉ

ሥራውን ከውኃው መስመር ጀምሩ። ውኃው የሚነካትን ቦታ ከላይ የሚያሳይ፣ 457 ሚ.ሜ. ርዝመት ያለው ሰሌዳ ከጫማ ካርቶን ቁረጡ፤ ከርዝመቱ የጎደለው አፍንጫዋና ጅራቷ ከውኃ በላይ የሚወጡበት ነው። ሁለት ሰሌዳ ደርባችሁ ለጥፉና ታይልስ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፤ አንድ ሌሊት ይደር። በክረምት ሁለት ሌሊት። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ይጎብጣል፤ የጎበጠ ሰሌዳ ደግሞ ኋላ በምንም አይቃናም።

ሰሌዳው ላይ የመሐል መስመር አስምሩ፤ በየ25 ሚ.ሜ. የጎድን፣ ማለትም አካሉን ከውስጥ አግድም የሚደግፈው የካርቶን ቁራጭ፣ ቦታ ምልክት አድርጉ። 18 ጎድን ከላይ፣ 18 ከታች ይቆማል። አንዱን ጎድን ስታወጡ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ ግማሹን ሣሉና አንድ ላይ ቁረጡት፤ ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው እንዲህ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያሉት ከሥራቸው ጠፍጣፋ፣ ጥጋቸው ክብ ነው፤ ወደ አፍንጫዋ ሲሄዱ እየሾሉ ይመጣሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው። ጎድኖቹን የሚያለብሰው ሁለት ንጣፍ ፓኮ (ልብሱ) በየጎኑ 1 ሚ.ሜ. ስለሚጨምር የመሐሉ ጎድን ወርድ 62.5 ሳይሆን 60.5 ይሁን። ሰሌዳውም በየጎኑ 1 ሚ.ሜ. ይጥበብ። የታችኛው ጎድን ቁመት ደግሞ 17.5 ነው፤ ከ20.5ቱ 2ቱን ሰሌዳው፣ 1ዱን ልብሱ ይወስዳል። ይህን የዘነጋ ሰው መርከቧ ወፍራ ትወጣበታለች፤ ከላይ የሚቀመጠው ቤት ሁሉ ያንስባታል።

ልብሱን ከፓኮ በቁመቱ ሸንሽኑ፦ መሐል ላይ 10 ሚ.ሜ. ስፋት፣ አፍንጫዋና ጅራቷ ጋ 5። አንድ በግራ ከለጠፋችሁ ቀጣዩን በቀኝ ለጥፉ። ኮላ ሲደርቅ ይሰበስባል፤ አንዱን ጎን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ አካሉን ወደዚያው ይጠመዝዘዋል። ኮላውን በጣት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የበዛ ኮላ ፓኮውን ያረጥበውና በጎድኖቹ መሐል ይሰረጉዳል፤ መርከቧም የተራበ በቅሎ ጎን ትመስላለች። ሁለተኛው ንጣፍ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ይሸፍን።

ታችኛውን ከመዝጋታችሁ በፊት ከመሐሉ በቀር በየጎድኑ መካከል ፎም ሙሉ። ስንጥቅ ቢፈጠር እንኳ አትሰምጥም። ፎሙን በእንጨት ኮላ ብቻ ለጥፉ፤ ቲነርና ፎርማይካ ኮላ ያቀልጡታል።

ውኃ እንዳያስገባ

የእንጨት ኮላ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ሞዴሉን የሚያድነው የላይ ሽፋኑ ነው። ስርጉዱን በመኪና ስቱኮ ሙሉ፤ የግድግዳው ውኃ ውስጥ ይረግፋል። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሳችሁ በኋላ ቫርኒሽ በቲነር አቅጥናችሁ ካርቶኑ እስኪጠግብ ቀቡ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ሳይቀጥን። ሻማ አቅልጦ መቀባት ርካሽ ነው፣ ውኃም ይከላከላል፤ ነገር ግን ሰም ላይ ቀለም አይዝም። አንዴ ሰም የነካው አካል ቀለም አይቀበልም ብላችሁ ቁጠሩት።

ከውኃ በታች ላለው ቀለም አትግዙ፤ ለበርና ለመስኮት ብረት የሚቀባው ቀይ ቡኒ አንቲረስት የመርከብ ሥር ቀለም ይመስላል። ከላይ ነጭ ዘይት ቀለም ላይ ጥቁር በጠብታ እየጨመራችሁ ፈዛዛ ግራጫ አውጡ። የጠቆረ ግራጫ ትንሽ ሞዴልን ይበልጥ ያሳንሰዋል።

የላይኛው ሥራ

የኋላው ወለል ሰፊ ነው፤ ባዶነቱ አያሳስባችሁ፣ መርከቧ እንዲህ ናት። ከፊት ባለ 127 ሚ.ሜ. አንድ መድፍ አለ። አፈ ሙዙ 4.8 ሜትር ስለሆነ 24 ሚ.ሜ. ስቴኪኒ ይሆናል፤ ጫፉን 1 ሚ.ሜ. እስኪቀር በብርጭቆ ወረቀት አቅጥኑት። ለትንንሾቹ ባለ 40 ሚ.ሜ. መድፎች ራሱ የተቆረጠ እስፒል፣ ርዝመቱ 11 ሚ.ሜ.። ለምሰሶው የጃንጥላ ሽቦ። በር ከ9 ሚ.ሜ.፣ የጠርዝ አጥር ከ5 አይብለጥ። አጥሩ ወፍራም ከሚሆን ቢቀር ይሻላል፤ ዓይን የመርከብን ትልቅነት የሚገምተው ከበርና ከአጥር ነው።

የላይኛውን ቤት አትለጥፉት፤ የሚነሣ ክዳን ይሁን። ከሥሩ ወለሉንና የውኃውን ሰሌዳ ቀድዳችሁ እጅ የሚገባበት ቦታ ተዉ፣ ክብደት የሚገባው በዚያ ነው።

ክብደት

የእውነተኛዋ ሙሉ ክብደት 2,750 ቶን ገደማ ነበር። በ200 ኩብ (200×200×200) ሲካፈል ሞዴሉ ከነጭነቱ 345 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። የሱቅ ሚዛን ላይ መዝኗት፤ የጎደለውን በብሎንና በዳዶ ሙሉ። ሁሉም ከሥር፣ በመሐል መስመሩ ላይ ይቀመጥ፤ ከላይ የተቀመጠ ክብደት ይገለብጣታል። ትልቅ ሳፋ ውስጥ አንሳፍፏትና ቀይ መስመሩ ከውኃው ጋር እኩል እስኪሆን ዳዶዎቹን አንቀሳቅሱ። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ከባሕር ይልቅ ግማሽ ሚ.ሜ. ያህል ዝቅ ትላለች፤ ስሕተት አይደለም። ሲስተካከል ዳዶዎቹን በስቱኮ አጣብቁ። በጣት ገፋ አድርጋችሁ ስትለቋት በዝግታ ተመልሳ ካልቆመች ምሰሶውን ወይም የላይኛውን ቤት አቅልሉ።

ጣና ላይ

በማለዳ ውሰዷት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ለዚህች ሞዴል 5 ሳ.ሜ. ማዕበል ማለት ለእውነተኛዋ 10 ሜትር ነው። ጅራቷ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር እሰሩ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ቢልሃርዚያም ስላለ ውኃው ውስጥ አትግቡ፣ ከድንጋይ ወይም ከጀልባ መቆሚያ ላይ ሆናችሁ ልቀቋት።

ከመውረዷ በፊትና ከወጣች በኋላ መዝኗት። ውጪዋን በጨርቅ አድርቃችሁም 5 ግራም ከጨመረች የሆነ ቦታ ውኃ ገብቷል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አቆይታችሁ ቫርኒሹን ድገሙ። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ አፍንጫዋ ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው።