ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ የመኝታ መኪና፦ አልሞቅ ያለ የናፍታ ማሞቂያ እንዴት ይፈተሻል

የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ የገጠምኩበት ሚኒባስ አለኝ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ የሆቴል አልጋ ሲጠፋ ዘመድ ያድርበታል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፌ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ እወጣበታለሁ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጥላል። በዚያ ብርድ መኪና ውስጥ ለሚተኛ ሰው ማሞቂያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

የእኔ ማሞቂያ በወንበር ሥር የሚገጠመው፣ ከመኪናው ታንክ ናፍታ እየሳበ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ትንሹ ዓይነት ነው። ሲበላሽ ወደ ማን እንደምወስደው ስላላወቅሁ እየፈታሁና እየገጠምኩ ተማርኩት። እዚህ የጻፍኩት በዚያ መንገድ የደረስኩበትን ነው።

ከመነካካትዎ በፊት አሠራሩን ይረዱት። ይህ ዕቃ ምድጃ ነው። ትንሽ ማራገቢያ ከውጭ አየር ስቦ ወደ ተዘጋ የእሳት ክፍል ያስገባል፤ ፓምፑ ናፍታ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ማጋያ ካንዴላው ያቀጣጥለዋል፤ ጭሱ በብረት ቱቦ ከወለሉ ሥር ይወጣል። እኛን የሚያሞቀን ሌላ አየር ነው፦ ከመኪናው ውስጥ ተስቦ፣ የጋለውን ብረት ከውጭ በኩል ታክኮ ተመልሶ የሚመጣው። የእሳቱ አየርና የምንተነፍሰው አየር መገናኘት የለባቸውም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. መጀመሪያ ጆሮዎን ይስጡት

የመኪናውን ሞተር ያጥፉ፣ ሬዲዮውን ይዝጉ፣ ማሞቂያውን ያስነሱና ያዳምጡ። ጤነኛው ማሞቂያ ማራገቢያውን በዝግታ ያዞራል፤ ካንዴላው እስኪግል አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያ የፓምፑ ቲክ ቲክ ይጀምራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የማራገቢያው ድምፅ ከፍ ይልና ሙቀት ይመጣል። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው። ማራገቢያው እየዞረ ቲክ ቲኩ ካልተሰማ ፓምፑን ወይም ወደ እሱ የሚሄደውን ሽቦ ይጠርጥሩ። ቲክ ቲኩ እየተሰማ እሳቱ ካልተያያዘ ናፍታ አልደረሰም ወይም ካንዴላው አልጋለም። ተያይዞ ጥቂት ቆይቶ ከጠፋ አየርና ጥቀርሻ ነው፤ በእኛ አገር ከሁሉ የሚበዛውም ይኸኛው ነው።

ሁለት ጊዜ ሞክረው እምቢ ካለ ሦስተኛ አይሞክሩ። በእያንዳንዱ ሙከራ ያልተቃጠለ ናፍታ እሳት ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ሲያያዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚነደው። የሚጢሰው ማሞቂያ ቢያስደነግጥዎም ከባትሪው አይንቀሉት። በራሱ ማጥፊያ ያጥፉትና ማራገቢያው እስኪቆም ይጠብቁ፤ ብረቱን ለማብረድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። እኔ አንድ ማታ ሳንቃበር ላይ በድንጋጤ የባትሪውን ሽቦ መንጭቄ የማራገቢያውን ሞተርና መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን አቃጥያለሁ። የከፈልኩት ዋጋ ማሞቂያውን ከገዛሁበት ግማሽ ያህል ነበር።

2. ኤሌክትሪኩ

ፊውዙን ይዩ፣ ከዚያ ቴስተር ይያዙ። ቴስተር ሳይኖረው ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው በግምት ዕቃ ይቀይራል፤ ርካሹም ቢሆን ይበቃል። ያረፈ፣ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ወሳኙ ልኬት ግን በባትሪው ላይ የሚነበበው አይደለም። ካንዴላው በሚግልበት ደቂቃ ማሞቂያው እስከ 10 አምፔር ስለሚስብ በዚያው ቅጽበት፣ በማሞቂያው በራሱ ጫፍ ላይ ይለኩ። ባትሪው 12.3 እያለ ማሞቂያው ጋ 10.5 ከደረሰ ባትሪዎን አይውቀሱ፤ ሽቦው ቀጥኗል፣ አለዚያም መጋጠሚያው ዝጓል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሽቦ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ይግዙ። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልን አልቀበልም፤ ከደባርቅ በላይ ያለው የጠጠር መንገድ በአንድ ጉዞ ይፈታዋል።

3. ናፍታው

ማሞቂያውን ከመፍታት ይልቅ ታንኩን መሙላት የሚበቃበት ጊዜ አለ። የማሞቂያው መሳቢያ ቱቦ የመኪናውን ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ እንዳያስቀር ከታንኩ ወለል ከፍ ብሎ ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ናፍታው ሲያንስ ሞተሩ ይሠራል፤ ማሞቂያው ግን ይራባል። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሲሄድ ካዩ መጋጠሚያዎቹን ያጥብቁ፤ ፊልትሮው ከጠቆረ ይቀይሩት፤ ፓምፑም መውጫው ወደ ላይ ያዘነበለ መሆኑን ያረጋግጡ።

የነዳጅ ሰልፍ ሲበዛ ከጀሪካን የሚገዛ ናፍታ ውስጥ ውኃና ቆሻሻ አይታጣም። በጨርቅ ማጥለል ቆሻሻውን እንጂ ውኃውን አይለየውም። አንድ ሌሊት አስቀምጠው ያዝቅጡትና ከላዩ ብቻ ይቅዱ።

4. አየሩና ከፍታው

እዚህ ላይ ታገሡኝ። ሁለት የብርድ ወራት ያባከንኩት ይህን ባለማወቅ ነው።

የእነዚህ ማሞቂያዎች መመሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይጠቅሳል፦ 1,500 ሜትር። ከዚያ በላይ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ ሳይስተካከል እንዳይሠራ ይላል። ያንን ገጽ ሳነብ የተራራ ጫፍ የሚመለከት መስሎኝ አልፌው ነበር። ጎንደር ግን ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት! ማሞቂያው ገና ከግቢዬ ሳይወጣ ከተሠራበት ልክ አልፏል። በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጨነቅ ላይ ደግሞ ሲሶው የለም። ማራገቢያው የሚስበው አየር በስፋቱ ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያነሰ ነው። ፓምፑ ይህን አያውቅም፤ ለባሕር ዳርቻ የታዘዘለትን ናፍታ ያንኑ ያህል ይረጫል። እናቶቻችን እንጨት አጉረው ያፈኑት ምድጃ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፦ ይጨሳል፣ ጥቀርሻ ያበጃል፣ ይጠፋል። ማሞቂያውም የሚሆነው ይኸው ነው። እኔ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፓምፕ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፤ ሁሉም ደኅና ነበሩ።

መፍትሔው ናፍታውን መቀነስ ነው። አንዳንዱ ማሞቂያ የአየር ግፊት መለኪያ ስላለው ራሱ ያስተካክላል፤ አንዳንዱ በመቆጣጠሪያው ላይ የከፍታ ምርጫ አለው። የእኔ ዓይነቱ የፓምፑን ምትና የማራገቢያውን ፍጥነት በእጅ የሚያስተካክሉበት ነው። መጀመሪያ ምቱን ይቁጠሩ። በጆሮ ስለሚያመልጥ በስልክ ቀድተው በዝግታ እያጫወቱ ይቁጠሩት። በሙሉ ኃይል በ30 ሰከንድ 150 ጊዜ የሚመታ ከሆነ ለጎንደር ወደ 120፣ ለጨነቅ ወደ 100 ያውርዱት። ማራገቢያውን ባለበት ይተዉት ወይም ጥቂት ከፍ ያድርጉት። የዝቅተኛውንም ኃይል ምት በዚያው ልክ ይቀንሱ፤ ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ እሳቱ መቆየቱን እያዩ ይሁን፤ እጅግ ከቀነሰ ይጠፋል። ሙቀቱም እንደሚቀንስ አይርሱ፦ 2 ኪሎ ዋት የተባለው ማሞቂያ ጨነቅ ላይ 1.3 ያህል ነው የሚሰጥ።

ትክክል መሆኑን በምን ያውቃሉ? በሙሉ ኃይል 15 ደቂቃ ከነደደ በኋላ ከማስወጫው የሚታይ ጭስ ሊኖር አይገባም። ሲነሣ ለአፍታ ነጭ ጭስ ቢታይ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው፤ ያልፋል። ጥቁር ጭስ ግን ናፍታው አሁንም በዝቷል ማለት ነው። ሲበርድ ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው የማስወጫውን አፍ ውስጥ ይጥረጉ። ደረቅና ግራጫ ከሆነ ደግ ነው፤ እርጥብና ጥቁር ከወጣ ምቱን እንደገና ያውርዱ።

ሰዎች «ትልቅ ማሞቂያ ይሻላል» ብለው 5 ወይም 8 ኪሎ ዋት የሚለውን ይገዛሉ። ለሚኒባስ ስሕተት ነው። ትልቁ ማሞቂያ ትንሿን ክፍል ቶሎ ያሞቅና ሌሊቱን ሙሉ በዝቅተኛ ኃይል ሲያንቀላፋ ያድራል፤ ዝቅተኛ እሳት ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥቀርሻ ያጠራቅማል። ትንሹን ገዝቶ በኃይል ማንደድ ይበልጣል። የትኛውም ቢሆን ጠዋት ከማጥፋትዎ በፊት ለ20 ደቂቃ በሙሉ ኃይል ያንድዱት።

ጥቀርሻው አስቀድሞ ከተጋገረ ማሞቂያውን አውጥተው መክፈት ግድ ነው። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የእሳት ክፍሉን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያጽዱ፤ ካንዴላውን ነቅለው ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ያውጡና ከታፈነች ይቀይሩ። ሲገጥሙ አዲስ ጋርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ያድርጉ፤ አሮጌውን መልሶ መግጠም ጭስ ወደ መኝታ ማስገባት ነው። ጥቂት ጥቀርሻ ብቻ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል በነጭ ጋዝ በሙሉ ኃይል ማንደድ ይረዳል፤ ነጭ ጋዝ ፓምፑን እንደ ናፍታ ስለማያለሰልስ ግን ልማድ አያድርጉት።

5. ማስወጫ ቱቦው

ባለፈው ዓመት ከእህቴ ልጅ ጋር ጨነቅ አደርን። ሌሊት ራሱን አመመው፤ አቅለሸለሸው። ከፍታው ነው ብዬ ውኃ አጠጣሁት፣ ጋቢ ደረብኩለት፣ ማሞቂያውንም ከፍ አደረግሁ። የእኔም ራስ መምታት ጀመረ። ከእኛ ጋር የነበሩት ሽማግሌ የፓርክ ጠባቂ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ወደ ኋላ አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ ከሰል ያደረበት ቤት ራስ ምታት ነው፤ ቶሎ ውጡ» አሉኝ። ውጭ ንጹሕ አየር ስናገኝ ሕመሙ እየቀነሰ ሄደ። ተንበርክኬ ከወለሉ ሥር ስመለከት የማስወጫ ቱቦው ማሰሪያ መንገዱ ላይ ላልቶ፣ ቱቦው ከማሞቂያው አፍ ግማሽ ጣት ያህል ወጥቷል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሽማግሌው የሸተታቸው አብሮት የነበረው የናፍታ ጭስ ነው፤ እኛ ውስጡ ስላደርን አፍንጫችን ለምዶታል። ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር። ስለዚህ ተራራ ላይ መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ መጀመሪያ ማሞቂያውን አጥፍተው ከመኪናው ያውጡት። ከፍታ ይሁን ጭስ ውጭ ሆነው ይለዩታል።

ቱቦው ወደ መውጫው እየወረደ ይሂድ፤ የሚጤዘው ውኃ እንዲፈስ ነው። መውጫው ከመኪናው ጠርዝ ውጭ ይሁን፤ ከወለሉ ሥር፣ ወደ መስኮት ወይም ወደ አየር መሳቢያው አፍ አይዙር። ክረምት ላይ ጭቃ፣ መኪናው ወራት ከቆመ ደግሞ የተርብ ጎጆ ሁለቱንም ቱቦዎች ይደፍናል፤ በሽቦ ይሞክሯቸው። ማሰሪያዎቹን በካቻቪቴ ማጥበቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አሁን ጨነቅ እንደደረስኩ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሻይ ከመጣዴ በፊት የማደርገው እሱን ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይግዙና በሚተኙበት ራስጌ አጠገብ ይስቀሉ፤ በየጉዞው የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭነው ይስሙት። እሱ ኖሮም መስኮት ሁለት ጣት ይክፈቱ። የጋዝ ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ ለሙቀት ብሎ መኪና ውስጥ ማሳደርን በጥብቅ እቃወማለሁ፤ የእነሱ ጭስ መውጫ ቱቦ እንኳ የለውም።

6. ሙከራው

ጠግኜ ስጨርስ መጀመሪያ አዘዞ ግቢዬ ውስጥ አንድ ሙሉ ሌሊት፣ ሰው ሳይተኛበት አነድደዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ እወጣለሁ፤ የወገራ ብርድ ለሙከራ በቂ ነው፤ ቢበላሽም ከጎንደር አልራቅሁም። እዚያ በነጩ ጨርቅ ፈትሼ፣ ምቱን ቆጥሬ፣ ማሰሪያውን አጥብቄ ነው ወደ ደባርቅ የምቀጥለው። ጋቢው ግን ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ነው።