በኪራይ ግጦሽ ላይ ከብት ማርባት፦ በውጭ ለሚኖሩ ባለቤቶች

ሀገር ቤት ከብት ለማርባት የሚነሡ ብዙ ወገኖች ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚያፈሱት በግንብ አጥር፣ በዘመናዊ በረትና በመኪና ላይ ነው። በግጦሽ ላይ የተመሠረተ እርባታ ግን የሚያዋጣው ገንዘቡ በከብቱ ላይ ሲውልና ሌላው ሁሉ በኪራይ ወይም በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ሲሸፈን ነው። የእሾህ አጥርና የሣር ወይም የቆርቆሮ ጥላ ያለው ደረቅ በረት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃል። በተከራዩት መሬት ላይ የሠሩት ግንብ ውሉ ሲያልቅ ለአከራዩ የሚቀር ስጦታ ነው፤ ከብት ግን ነድተው ይወስዱታል፣ ወይም ይሸጡታል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚከራዩት የመጠቀም መብቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት የአከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሆን፣ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የወል ግጦሽ በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሽማግሌዎች ፈቃድ ስለማይከራይ፣ «መንደሩ ተስማምቷል» የሚል ቃል ገንዘብ ለመላክ በቂ ምክንያት አይደለም። ኪራዩንም በሁለት ክፍያ መክፈል ይሻላል፤ ሁለተኛው ክፍያ በውሉ የተጠቀሰው የውኃ ቦታ እስከ የካቲት ድረስ አለመድረቁ ከታየ በኋላ ይፈጸም።

የከብቱ ቁጥር የሚወሰነው በመስከረም በሚታየው ለምለም ሣር አይደለም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በሚቀረው ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ6 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ደረቅ መኖ ይበላል። ሃያ ከብት በቀን 125 ኪሎ፣ በስድስት የበጋ ወራት ደግሞ 225 ኩንታል ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ቆሞ ከሚታየው ሣር ከግማሽ በላይ ማስጋጥ ሥሩን ስለሚያዳክም በሚቀጥለው ክረምት የሚበቅለውን ይቀንሳል፤ አከራዩም መሬቱን እንዲያስለቅቅ ምክንያት ይሆነዋል። ስለዚህ መሬቱን ቢያንስ በሦስት ከፍሎ አንዱን ክፍል ከክረምቱ መጀመሪያ አንሥቶ መከለል፣ ሣሩንም እንጨት ከመሆኑ በፊት፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አጭዶ ድርቆሽ ማድረግ ያስፈልጋል። የጎረቤት ገበሬ ጭድ በአውድማ ላይ ሲገዛ በበጋው መጨረሻ ከሚጠየቅበት ዋጋ በእጅጉ ይረክሳል፤ እንግዲህ ለመኖ የሚላከው ገንዘብ በኅዳርና በታኅሣሥ መድረስ አለበት፣ በቦታው ያለው ሥራ አስኪያጅዎ «ከብቱ ከሳ» ብሎ በሚደውልበት በሚያዝያ አይደለም።

ለዝርያ ምርጫ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የውጭ ደም የበዛበት የወተት ላም በኪራይ ግጦሽና በድርቆሽ ብቻ አይዘልቅም። የቦረና ዝርያ ወይም የአካባቢው ከብት ይበቃል።

ርቀትን የሚያቀልል አንድ አሠራር የኮርማውን ጊዜ መገደብ ነው። ላም የምታረግዘው 283 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ኮርማው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከላሞቹ ጋር ቢውል፣ ጥጆቹ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ እናቲቱ ለምለም ሣር በምታገኝበት ወቅት ይወለዳሉ። ለባለቤቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ተበታትነው የሚወለዱ ጥጆች ከቆጠራ በቀላሉ ይሰወራሉ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሚወለዱት ግን በነሐሴ በአንድ ቆጠራ ይታወቃሉ።

እያንዳንዱ ከብት ቁጥር ያለው የጆሮ ምልክት ይኑረው። በየወሩ እረኛው ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሜትር ለክቶ፣ ቁጥሩና ሜትሩ አብረው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ይላክ፤ የደረት ዙሪያ ክብደትን ለመገመት ያገለግላል፣ የሞተን ከብት በሌላ ከብት ፎቶ ለመተካትም አያመችም። ከብትን የሚገድሉት የአባ ሰንጋ (አንትራክስ)፣ የአባ ጎርባና የጎሮርሳ በሽታዎች ክትባት ከክረምቱ በፊት በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጥ። በድንገት ለሞተ ከብት ማስረጃ እንዲሆን ቆዳውን የሚጠይቁ ባለቤቶች አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። አባ ሰንጋ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በዚህ በሽታ የተጠረጠረ በድን ሳይገፈፍና ሳይከፈት በጥልቅ መቀበር አለበት፤ ማስረጃው የጆሮ ምልክቱ የሚነበብበት ፎቶግራፍና የባለሙያው ደብዳቤ ይሁን።

ለሥራ አስኪያጁ የሚሰጡትን ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሲያዘጋጁ ማስተዳደርና መሸጥን ይለያዩ። ሥራ አስኪያጁ መቅጠር፣ መኖ መግዛትና ኪራይ መክፈል ይችል፤ ለሽያጭ ግን በጽሑፍ ፈቃድዎን ይጠይቅ። የእረኛው ደመወዝ ወር ሳይዘገይ ይከፈል፤ በዓመት ከሚወለዱት ጥጆች ጡት እስኪጥሉ በሕይወት ለቆዩት ጉርሻ ቢታከልበት ደግሞ ሌሊት ለምጥ የሚነሣ ሰው ያገኛሉ። ዘመድ መሆኑ ብቻ ይህን አያተርፍም።

ውሉ የሚያልቅበትን ወር በቸልታ አይለፉት። ብዙዎች ውሉ በተፈረመበት ቀንና ወር እንዲያልቅ ያደርጋሉ፤ ይህ በሚያዝያ ከዋለ ከብቱ በከሳበትና ገዢ በጠፋበት ሰዓት መሬት ለመልቀቅ ይገደዳሉ፣ አከራዩም ይህን ስለሚያውቅ ኪራይ ይጨምራል። የውሉ ማብቂያ ኅዳር ቢሆን ከብቱ ጠግቦ የወፈረበት ወቅት ነው፤ አከራዩ ባይስማማ ወይፈኖቹንና የማይወልዱትን ላሞች ሸጦ የቀሩትን ይዞ ወደ ሌላ ግጦሽ ለመሄድ ጊዜም አቅምም ይኖራል።