ሁለት ሥራ ያለው «ቱ»፦ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያበላሹ የግስ ሐረጎች

የሥራ ማመልከቻና የነጻ ትምህርት ዕድል ደብዳቤዎችን ሳርም ዓመታት ተቆጥረዋል። የፊደል ግድፈት ብዙም አያስቸግረኝም፤ ኮምፒውተሩ በቀይ ያሰምርበታል። የሚመላለስብኝ የግስ ሐረግ ስሕተት ነው፤ ከሁሉ የሚብሰውም የመጨረሻው መስመር ላይ ይቀመጣል።

ምልክቱ፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ»። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት ነው። ትክክለኛው «ቱ ሂሪንግ» ነው።

መንስኤው፦ ከ«ቱ» በኋላ ግሱ እንዳለ ይገባል ተብለን ተምረናል። «ቱ» ግን ሁለት ሥራ አለው። «አይ ዋንት ቱ ወርክ» ሲባል ግሱን «መሥራት» የሚያሰኝ ምልክት ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ ግን እንደ እኛ «ወደ» መስተዋድድ ነው፤ መስተዋድድ ስም ይፈልጋል፣ ግሱን ስም የሚያደርገው ደግሞ «ኢንግ» ነው።

መፍትሔው፦ በግሱ ቦታ ስም ተክተው ያንብቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ኢንግ» ይጨምሩ። «ዋንት ቱ ዩር ሪፕላይ» አያስኬድም፤ ግሱን አይንኩት። አንዲት ተመራቂ «ከ‹ቱ› በኋላ ‹ኢንግ› ጨምሪ» ብዬ በችኮላ ብሸኛት፣ በማግስቱ «አይ ዋንት ቱ ወርኪንግ»፣ «አይ ሆፕ ቱ ጆይኒንግ» የሞላበት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ይህን መፈተኛ ሳላሳይ ማንንም አልሸኝም።

ጥንቃቄ፦ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት» ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር ማለት ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ሌሊት መሥራት ለምጃለሁ ነው። ለሌሊት ተረኝነት ያመለከተ ነርስ የመጀመሪያውን ጽፎ አይቻለሁ፤ የተወው ሥራ አስመሰለበት።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ናሙና ደብዳቤ አይገልብጡ! ስሕተቱን የሚያራባው እሱ ነው። በአንድ ሳምንት ከሦስት ሰዎች ያው መስመር ደርሶኛል፤ አንደኛው የሌላ ሰው የሥራ መደብ እንኳ አልተቀየረበትም። ፊደል አራሚውም አያስጥልም፤ «ሂር» ለብቻው ሲታይ ፊደሉ ትክክል ነው።

ሌሎች የሚመላለሱ ስሕተቶችም እነሆ።

«ዲስከስ አባውት»፦ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከምንለው «ስለ» የመጣ ነው። «አባውት» ይውጣ።

«ኤክስፕሌይን ሚ»፦ ጥፋቱ «አስረዳኝ» ላይ ያለችው «ኝ» ናት። «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ብለው ይጻፉ።

«ፊል አውት ኢት» (ቅጹን ሙላው ለማለት)፦ ተውላጠ ስሙ «ኢት» መሃል ይገባል፤ «ፊል ኢት አውት»።

«ሎግ ኢን» (በይለፍ ቃል መግባት)፦ ግስ ሲሆን ሁለት ቃል፣ ስም ሲሆን አንድ።