የራግቢ ሊግ ሻምፒዮኖችን ፍልሚያ ከሐዋሳ ሆኖ ለመከታተል

ኤንአርኤልና ሱፐር ሊግ የተባሉት የአውስትራሊያና የእንግሊዝ የራግቢ ሊግ ውድድሮች ሻምፒዮኖች የሚገናኙበትን ወርልድ ክለብ ቻሌንጅ ሐዋሳ ውስጥ ለመመልከት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ሰዓቱን ያስላ። በየካቲት እንግሊዝ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን፣ እዚያ በምሽት የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ የኳስ ማሳያ ቤቱ እስከዚያ ክፍት መሆኑን፣ ቻናሉም መኖሩን መጠየቅ ይገባል።

ጨዋታው ሲጀመር ዋናው ሥራ ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ ማስቆምን፣ መቁጠር ነው። ኳስ ይዞ የተያዘው ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል፤ ስድስተኛው ታክል ላይ ኳሱ ለተጋጣሚ ስለሚያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው በኋላ በእግር ይመቱታል። ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት) 4 ነጥብ፣ ከእርሱ በኋላ ወደ ግብ የሚመታው ተከታዩ ምት 2፣ ድሮፕ ጎል (በጨዋታ መካከል ኳሱን መሬት አንጥሮ በግቡ ቋሚዎች መካከል መምታት) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነጥብ ያስገኛል፤ ይህችን አንዷን ግን አይናቋት፣ በ2023 የእንግሊዙ ሴንት ሄለንስ የአውስትራሊያውን ፔንሪት በጭማሪ ሰዓት 13 ለ 12 የረታው በእርሷ ነው።