ማሳው ጸዳ፣ ንቡ ተራበ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የሄደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ነው። አደይ አበባው ሊሰናበት ነው፣ መች የሚባለው ቢጫ የዱር አበባ ሜዳውን ይዞታል፣ ኑጉ ፈክቷል። ንብ የዓመቱን ቀለብ በብዛት የሚሰበስበው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ዋናው ማር በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውም ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ግን አንድ ወሬ እሰማለሁ፦ «ንቡ ኮበለለ።» ቀፎው ዘመናዊ ነው፣ ሥልጠናም ተወስዷል፣ ጉንዳን እንዳይገባ እግሩ ሥር አመድ ተነስንሷል። ንቡ ግን የለም። ሰው ሁሉ ቀፎውን ገልብጦ ይመረምራል። እኔ እንደማየው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ውጭ፣ ማሳው ላይ ነው።

«እኔ የምዘራው ጤፍ ነው፤ ንብ ምን ያደርግልኛል?»

ግማሹ እውነት ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ። ለበቆሎ ነፋስ ይበቃዋል። ግን ጤፍ ብቻ በልቶ የሚያድር ቤት የታለ?

ኑግን እንይ። ኑግ የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም። ዱቄቱ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት፣ ዋናዋ አምጪ ደግሞ ንብ ናት። ንብ የማይደርስበት ኑግ አበባው ዓይን ይማርካል፤ ሲወቃ ግን ገለባው ይበዛል። ዱባ ወንዴውና ሴቴው አበባ ለየብቻ ስለሆነ ያለ ነፍሳት ፍሬ አይዝም። አሁን ሁሉም የሚተክለው አቮካዶ ደግሞ ጉደኛ ነው፦ አንዷ አበባ መጀመሪያ ሴት ሆና ትከፈታለች፣ ትዘጋለች፣ በኋላ ወንድ ሆና ትመለሳለች። በመሃል ዱቄቱን የሚያመላልስ ነፍሳት ከሌለ አበባው ረግፎ ይቀራል። ቡናም ቢሆን ራሱን ቢያዳቅልም ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ፍሬ ይይዛል።

ድንበሩን ማጽዳት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

ወሰኑ ላይ አረም የበቀለበት ገበሬ ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ ድንበሩ ይታረሳል፣ የተረፈው ይቃጠላል፣ የቦዩ ዳር ይላጫል። ማሳው እንደ ሠርግ ቤት ጸድቶ ያምራል። ለንብ ግን በረሃ ነው።

የድሮ ሰዎች እኮ ድንበሩን አያራቁቱም ነበር። በጤፍ ማሳ ዙሪያ ኑግ ይዘሩ ነበር፤ ዛሬም የሚዘሩ አሉ። ምክንያታቸው ንብ አይደለም። ከብት ኑግ ስለማይወድ ጤፉን ያጥርላቸዋል። በዚያውም ንቡ ይበላል፣ ቤቱ ዘይት ያገኛል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ካላችሁ እዚህ ሦስት ነው።

አሁን ደግሞ ቱፎርዲ መጣ። ይህ ፀረ አረም የሚገድለው ቅጠለ ሰፊውን ነው፤ ሣር መሰሉን፣ ማለትም ጤፉንና ስንዴውን፣ ይተወዋል። ችግሩ ንብ የምትበላው በአብዛኛው ቅጠለ ሰፊውን መሆኑ ነው። ክረምት ላይ ሲረጭ በመስከረም ሊያብብ የነበረው አደይና መች ገና በለጋው ይደርቃል። ንብ አናቢው ጥቅምት ላይ ቀፎውን ከፍቶ «ዘንድሮ ማር የለም» ይላል። ማሩ ያለቀው ግን ነሐሴ ላይ ነው።

አረም አትረሙ እያልኩ አይደለም። ጤፉ ውስጥ ያለው መች ይነቀል። ወሰኑ ላይ ያለው ግን ይቆይ፤ ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው መስመር ብዙ መሬት አይበላም። ስትረጩ የመርጫውን አፍ ወደ ድንበሩ አታዙሩ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓትም አትርጩ። «ዘሩ ማሳዬ ውስጥ ይገባል» የሚል ሰው ልክ ነው፤ ስለዚህ አበባው ረግፎ ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ማጨድ ነው። አንድ አረም ብቻ ምሕረት አያሻውም፦ ቅንጬ የሚሉት ፓርቴኒየም። እሱን ሳያብብ ከነሥሩ።

አበባ ላይ መርጨት

ይሄኛውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ባቄላው ላይ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወጣና ደነገጥኩ። ከከተማ «መድኃኒት» ገዛሁ፤ መርዝን መድኃኒት ማለታችን ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ጠዋት አራት ሰዓት፣ ፀሐዩ ሲደምቅ፣ አበባውን ሁሉ አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አዛውንት መጡ። ቀፏቸው ደጃፍ ላይ ንቡ እየተንቀጠቀጠ ይወድቅ ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ክሽክሹን ነው ወይስ እኔን ነው የረጨኸው?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህን ነው። አበባ ላይ ያለን ሰብል አለመርጨት ከሁሉም ይሻላል። ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ መርጨት። ሌሊቱን ጥቂት ይደርቃል። ለጎረቤት ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መንገር፤ እሱም ሌሊት ላይ የቀፎውን አፍ በወንፊት ሽቦ ሊዘጋና እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ሊያለብሰው ይችላል። አየር ማግኘት አለበት፣ ብዙ ሰዓትም ተዘግቶ አይቆይም፤ ያለበለዚያ ንቡ በሙቀት ያልቃል።

ዱቄት ሆኖ የሚነሰነሰው ከፈሳሹ ይብሳል። ከንቡ ጸጉር ጋር ልክ እንደ አበባ ዱቄት ይጣበቅና ቀፎ ገብቶ የንቡን እጭ ይጨርሳል። መርጫውን ወንዝ ዳር ማጠብም ያው ነው። ንብም፣ ከብትም፣ ልጅም ከዚያው ውሃ ይጠጣሉ።

ባሕር ዛፍ ተክሎ «ለንብ ተከልኩ» ማለት

ባሕር ዛፍ ጥሩ ወለላ አለው፤ አይካድም። ንቡም ይወደዋል። ግን ጫካው ሙሉ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም፣ አበባው ሲያልቅም ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ንብ የሚያስቸግራት የአበባ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ዋናው የቀን መቁጠሪያው መሃል ያለው ክፍተት ነው።

አንድ ወረቀት ያዙና ከመስከረም እስከ ነሐሴ ጻፉ። በአካባቢያችሁ በየወሩ ምን እንደሚያብብ ሙሉ። መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፦ አደይ፣ መች፣ ኑግ፣ ማገጥ። በጋው ላይ ግራዋ አለ። ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ነጭ ይለብሳል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ሚያዝያ አካባቢ ገተም የሚባለው ዛፍ ያብባል፤ የከፋና የሸካ ነጭ ማር በብዛት ከሱ ነው። በግንቦትና ሰኔ ብሳና። ባዶ የቀረውን ወር ፈልጉና በዚያ ወር የሚያብብ ነገር ትከሉ። ጓሮ ላለው ሰው ሰንሰል አጥር ይሆናል፣ ንብም ይበላል፣ ከብትም አይደፍረውም። ዋንዛና ግራር ደግሞ ማሳ መሃል ቢቆሙ ለጥላም ለአፈርም ናቸው።

ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ «የንብ ችግኝ» ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለውን ይሰጧችኋል። የወሩን ስም ይዛችሁ ሂዱ።

ንብ ሁሉ ቀፎ ውስጥ የሚኖር መምሰል

ጣዝማን አስቡ። ትንሽ ናት፣ አትናደፍም፣ መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ ማሯ ለሳልና ለጉሮሮ ይፈለጋል። የምትታወቀው በገበያ ዋጋዋ ነው እንጂ በአዳቃይነቷ አይደለም። ማሯን የሚፈልግ ሰው ጎሬውን ቆፍሮ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። መንጋው በዚያው ያልቃል።

ከእሷ ሌላ መሬት ውስጥ ለየብቻ የሚኖሩ ንቦች አሉ። የደረቀ ግንድ የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ንብ አለ። አበባ ላይ የሚያንዣብቡ ዝንቦችና ቢራቢሮዎችም አሉ። ለእነዚህ ማንም ቀፎ አይሠራም። የሚያስፈልጋቸው ያልታረሰ ተዳፋት፣ ያልተቃጠለ ግንድ፣ ያልተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው። የማሳውን አንድ ጥግ መርሳት በቂ ነው። የማር ንብ ምግብ ፍለጋ ኪሎ ሜትሮች ትበራለች፤ ከእነዚህ ትንንሾቹ ግን ከጥቂት መቶ ሜትር አይርቁም። ጎጇቸው ማሳው አጠገብ ከሌለ አይመጡም።

ተከለለ ተብሎ ሃምሳ ቀፎ መደርደር

ተራራው ከከብት ተከልሎ አበባ ሲመለስበት ወጣቶች ተደራጅተው ቀፎ ያስገባሉ። ደስ ይላል። ከዚያ የአንዱ ማር ሲታይ ሌላው ይጨምራል፣ ሌላውም። ቀፎው በዛ፣ አበባው ያው ነው። ማሩ በየቀፎው ያንሳል፣ ንቡ ይሻማል፣ ይዘራረፋል። ጥቂት ጠንካራ መንጋ ከብዙ ደካማ ይበልጣል። ሣሩንም አበባው ሳይረግፍ አንድ ላይ አትጨዱት፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንታት በኋላ።

ውሃ

በጋ ላይ ንብ ውሃ ትቀዳለች፤ ቀፎዋን የምታቀዘቅዝበት ነው። ባልዲ ብታስቀምጡላት ትሰጥማለች። ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ጠጠር አድርጉ፣ ጠጠሩ ከውሃው በላይ ይታይ። ከቀፎው ትንሽ ራቅ፣ ከጥላ ሥር። በየቀኑ ካልሞላችሁት ግን ባትጀምሩት ይሻላል፤ የለመደችው ቦታ ሲደርቅባት ጎረቤት የሰጣው ልብስ ላይ ትሄዳለች፣ ጠቡም ለእናንተ ይሆናል።